የኩበርኔቲስ ኮንፊግን በጊት መያዝ፦ ለጅማ ትንንሽ ቡድኖች የትኛው መንገድ ይሻላል?

ኩበርኔቲስ ኮንቴይነሮችን (ከነሚያስፈልጋቸው ታሽገው የሚነሱ አፕሊኬሽኖችን) የሚያስተዳድር ሲስተም ነው፤ የሚያስተዳድራቸው ሰርቨሮች ክላስተር ይባላሉ። ጊት ደግሞ የፋይል ለውጦችን ታሪክ የሚይዝ መሣሪያ ነው። አንድ ጥያቄ ላስቀድም። ክላስተሩ ላይ እየሠራ ያለው ኮንፊግና ጊት ውስጥ ያለው ፋይል ተለያይተው ብታገኟቸው የትኛውን ታምናላችሁ? የቡና መጋዘን ያለው ሰው ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል። መዝገቡ 200 ኬሻ ይላል፣ ሲቆጠር 188 ነው። መዝገቡ ይስተካከል ወይስ የጎደለው ይፈለግ? ከመካከላችሁ አንዱ «ሰርቨሩ ላይ ያለው ነው ትክክል» ካለ፣ ሌላው ደግሞ «ጊት ውስጥ ያለው» ካለ፣ መሣሪያ ለመምረጥ ገና ናችሁ። ከታች የማወዳድራቸው መንገዶች ዋና ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው።

የምጽፈው ለትልቅ ባንክ አይደለም። ጅማ ውስጥ ሁለት ሦስት ሆነው ለሚሠሩ ልጆች ነው። ሄርማታ ላለ ነጋዴ የመጋዘን ሲስተም፣ ለክሊኒክ የካርድ ክፍል መመዝገቢያ፣ ለቡና አቅራቢ የመረከቢያ መዝገብ ለሚያስተዳድሩ። ሰርቨሩ ወይ ቢሮ ጥግ ዩፒኤስ ላይ ተሰክቶ ተቀምጧል፣ ወይ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ዳታ ሴንተር ውስጥ ተከራይቷል። መብራት ይሄዳል። ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ የጅማ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ይብስበታል። አብዛኞቹ መመሪያዎች ይህን ከቁጥር አያስገቡም። እኔ ግን ምርጫውን ሁሉ የማየው በዚህ በኩል ነው።

ኩበርኔቲስ ያስፈልጋችኋል ወይ?

አንድ ሰርቨርና አምስት ስድስት ኮንቴይነር ብቻ ከሆነ ዶከር ኮምፖዝ (ኮንቴይነሮችን ከአንድ ፋይል የሚያስነሳ መሣሪያ) ይበቃችኋል። የኮምፖዙን ፋይል ጊት ውስጥ አስገቡ። የይለፍ ቃል የያዘውን የኢንቭ ፋይል በጊት ኢግኖር (ጊት የሚዘላቸው ፋይሎች ዝርዝር) አስወጡት። ሪስታርት ፖሊሲውን «አንለስ ስቶፕድ» አድርጉት፤ መብራት ሲመለስ ኮንቴይነሮቹ ራሳቸው ይነሳሉ። አለቀ። ቀሪውን ጽሑፍ ማንበብ ግዴታ የለባችሁም።

ሁለተኛ ሰርቨር ሲመጣ፣ ወይም አንዱን ሲስተም ለብዙ ደንበኛ በየራሱ ኮንፊግ ማስነሳት ስትጀምሩ ነው ኩበርኔቲስ ትርጉም የሚኖረው። ለኛ አቅም ኬ3ኤስ የሚባለው ቀለል ያለው ዝርያ ጥሩ ነው። ኦፕንሺፍትም አለ፤ ግን የሬድ ሃት ክፍያው ለትንሽ ቡድን የሚቀመስ አይደለም።

መንገድ አንድ፦ ክላስተሩን ገልብጦ ጊት ውስጥ መክተት

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሁሉም ነገር በእጅ ተሠርቷል፣ ሲስተሙ ይሠራል፣ አሁን «እስቲ ጊት ውስጥ እናስገባው» ተባለ። ኩብሲቲኤል (ክላስተሩን በትእዛዝ የሚያናግረው መሣሪያ) ላይ «ጌት» ብለው ውጤቱን በያምል (የኮንፊግ ፋይሎች የሚጻፉበት ቅርጽ) ያወጡታል፣ ኮሚት ያደርጉታል፤ ማለትም ጊት ታሪክ ውስጥ ይመዘግቡታል። በክሮን ጆብ (በሰዓቱ ራሱ በሚነሳ ሥራ) በየሌሊቱ ራሱ እንዲገለብጥ የሚያደርጉም አሉ።

እዚህ ጋ የሚወጣውን ፋይል ቀረብ ብላችሁ እዩት። ስትጽፉት 30 መስመር ያልሞላ ዲፕሎይመንት (አንድ አፕሊኬሽን እንዴት እንደሚነሳ የሚገልጽ ፋይል) ሲወጣ ተንዘላዝሎ ይመጣል። «ዩአይዲ»፣ «ሪሶርስ ቨርዥን»፣ «ክሪኤሽን ታይምስታምፕ»፣ ከታች ደግሞ ረጅም የ«ስታተስ» ክፍል። እነዚህን ክላስተሩ ራሱ የጻፋቸው ናቸው። እናንተ የወሰናችሁት ነገር ከመካከላቸው ጠፍቷል። በየሌሊቱ ስትገለብጡ «ስታተሱ» ስለሚቀያየር ጊት ሁልጊዜ «ተለውጧል» ይላችኋል። ከሁለት ወር በኋላ እውነተኛውን ለውጥ ከዚያ ውስጥ ለቅሞ የሚያወጣ ጀግና የለም።

ይህ መንገድ ሰርቨሩን ያምናል። ጊት ፎቶ አንሺ ብቻ ነው። ማን ለምን እንደቀየረው አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ ሌሊት ላይ ምን እንደነበረ ነው። አንድ ጊዜ ለመነሻ ተጠቀሙበት። ገልብጡ፣ ያንን ሁሉ ትርፍ መስመር አጽዱ፣ ንጹሑን ኮሚት አድርጉ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ መንገድ እለፉ።

መንገድ ሁለት፦ ፋይሉ በጊት፣ አፕላዩ በእጅ

ለጀማሪ ቡድን የምመክረው ይህን ነው። ለውጥ ሁሉ መጀመሪያ ፋይል ላይ ይጻፋል፣ ኮሚት ይደረጋል፣ ከዚያ አንድ ሰው «ኩብሲቲኤል አፕላይ» ብሎ ክላስተሩ ላይ ያውለዋል። ከአፕላይ በፊት «ኩብሲቲኤል ዲፍ» ማለትን ልማድ አድርጉት። ክላስተሩ ላይ ካለው ምን እንደሚለወጥ መስመር በመስመር ያሳያችኋል። እናንተ ያልጻፋችሁት ልዩነት ከታየ አንድ ሰው ጊትን ዘሎ ሰርቨሩ ላይ ነካክቷል ማለት ነው።

የተለያዩ ደንበኞችን ወይም የሙከራና የዋና አካባቢዎችን ለመለየት ከስተማይዝን (የጋራውን ፋይል ለየቦታው የሚያስተካክል መሣሪያ) ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ከወጣው ከ1.14 ጀምሮ ኩብሲቲኤል ውስጥ አብሮ ስለሚመጣ የሚጫን ነገር የለም። የጋራው ፋይል «ቤዝ» ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። የክሊኒኩ ልዩነት በአንድ ኦቨርሌይ (ከቤዙ ላይ የሚደረብ ፎልደር)፣ የነጋዴው በሌላ ኦቨርሌይ ይሆናል። ፋይሎቹ ተራ ያምል ናቸው፣ ያየ ሁሉ ያነባቸዋል።

አካባቢዎችን በብራንች (ጊት ውስጥ ጎን ለጎን በሚሄድ ቅጂ) የሚለዩ አሉ፤ «ቴስት» ብራንች፣ «ፕሮድ» ብራንች እያሉ። ተዉት። ብራንች ለመዋሃድ የተሠራ ነገር ነው። የቴስቱን ወደ ፕሮድ ስታዋህዱ የቴስቱ ዳታቤዝ አድራሻ አብሮ ሊገባ ይችላል። በፎልደር ስትለዩት ግን ሁሉም ጎን ለጎን ይታያል።

ይህ መንገድ ለጅማ የሚስማማበት ሌላም ምክንያት አለው። ጊት ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ሙሉ ታሪኩ ነው። ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ከሆነ ኢንተርኔት ጠፍቶም ኮሚት አድርጋችሁ አፕላይ ማድረግ ትችላላችሁ። ፑሹ (ኮሚቱን ወደ ጊት ሰርቨር መላኩ) ኔትወርክ ሲመጣ ይደርሳል።

ድክመቱ የሰው ዲሲፕሊን ላይ መንጠልጠሉ ነው። ኮሚት ተደርጎ አፕላይ የተረሳ ለውጥ ይኖራል። ኮሚት ያልተደረገ አፕላይ ደግሞ ይብሳል። ሁለት ሰው እስከሆናችሁ ድረስ በመነጋገር ይያዛል። ሦስተኛ ሰው ሲገባ መፍረስ ይጀምራል።

ሄልምስ?

ሄልም ቻርት በሚባሉ የተዘጋጁ የያምል ጥቅሎች አፕሊኬሽን የሚጭን መሣሪያ ነው። በሁለት ከፍዬ ነው የማየው። ሰው የሠራውን ሶፍትዌር ለመጫን፣ ለምሳሌ ግራፋናን ወይም ሰርት ማናጀርን፣ ተጠቀሙበት። ማኒፌስቱን (ለኩበርኔቲስ የሚሰጠውን ያምል) ከባዶ መጻፍ ድካም ነው። ለራሳችሁ ትንሽ አፕሊኬሽን ግን ቻርት መጻፍ አያዋጣም። ሄልም ያምሉን እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚያየው፤ በጥምዝ ቅንፎች መሃል ተለዋዋጭ ትከታላችሁ፣ አንድ የቦታ ክፍተት ስትሳሳት ሁሉም ይፈርሳል። ከስተማይዝ ይህ ጣጣ የለበትም።

የሰውን ቻርት ስትጠቀሙ ቨርዥኑን ቆልፉ። የቀየራችሁትን የቫልዩስ ፋይል (የቻርቱን ማስተካከያ) ኮሚት አድርጉ። ኔትወርኩ ለሚቆራረጥ ቢሮ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ልበል፦ «ሄልም ቴምፕሌት» ብላችሁ የሚወጣውን ሙሉ ያምል ራሱን ጊት ውስጥ አስገቡ። ቻርቱን ያወጣው ድርጅት ነገ ቦታ ቢቀይር አትቸገሩም። እ.ኤ.አ. በ2025 ቢትናሚ ነፃ ኢሜጆቹን (ኮንቴይነር የሚነሳባቸውን ጥቅሎች) በብዛት ወደ ሌላ ማከማቻ ሲያዛውር የድሮውን አድራሻ ይዘው የተቀመጡ ብዙ ሰዎች ተደናግጠዋል።

መንገድ ሦስት፦ ክላስተሩ ራሱ ከጊት ይጎትት

እዚህ ጋ ጊት ሙሉ ሥልጣን ይይዛል። ክላስተሩ ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮግራም ሪፖውን (የጊት ማከማቻውን) በየጊዜው ያያል፣ ልዩነት ካገኘ ያስተካክላል። ጊትኦፕስ የሚሉት ይህንን ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ዊቭወርክስ የተባለ ኩባንያ ነው። ሁለት ታዋቂ መሣሪያዎች አሉ፤ ፍለክስና አርጎ ሲዲ።

በመጀመሪያ ከፑሽ ጋር ላወዳድረው። በፑሽ አሠራር ውጭ ያለ የሲአይ ሲስተም (ኮድ ሲቀየር ሥራውን ራሱ የሚያካሂድ) ወደ ክላስተሩ ገብቶ አፕላይ ያደርጋል። ለዚህ ክላስተራችሁ ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ ይፈልጋል፣ የክላስተሩ ቁልፍም ውጭ ይቀመጣል። ቢሮ ራውተር ጀርባ ላለ ሰርቨር ሁለቱም ራስ ምታት ናቸው። በጉተታው ግን ሰርቨሩ ራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። ኔትወርክ ከጠፋ እየሠራ የነበረው አይቆምም፣ አዲስ ለውጥ ብቻ ይዘገያል። ኔትወርክ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። በፑሽ ቢሆን ያልተሳካውን ዲፕሎይ አንድ ሰው አስታውሶ እንደገና ማስነሳት ነበረበት። በኛ ሁኔታ ጉተታው ያሸንፋል፣ ብዙም አያከራክርም።

ፍለክስ ወይስ አርጎ ለሚለው ደግሞ ከመልክ ልጀምር። አርጎ ሲዲ ጥሩ ዌብ ገጽ አለው። የትኛው ፖድ (አብረው የሚነሱ ኮንቴይነሮች) እንደወደቀ፣ የትኛው ፋይል ከክላስተሩ እንደተለየ በቀለም ያሳያል። ኩብሲቲኤል የማይወድ የሥራ ባልደረባ ካላችሁ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፍለክስ የራሱ ገጽ ሳይኖረው ነው የሚመጣው፣ ሥራው ሁሉ በተርሚናል ነው። በምላሹ ክፍሎቹ ያንሳሉ፣ ራም ለጠበበበት ሰርቨር ይቀላል።

ከመልኩ የበለጠ የሚያስጨንቀው ግን ጠባያቸው ነው። አንድ ሰው ሌሊት ሰርቨር ላይ ገብቶ በእጅ ቢቀይር፣ ፍለክስ በሚቀጥለው ዙር ወደ ጊቱ ይመልሰዋል። አርጎ ሲዲ አውቶ ሲንክ (ከጊት ጋር ራሱ ማመሳሰሉ) ቢበራም «ሰልፍ ሂል» (ራሱን የመጠገን) የሚለውን ካላበራችሁ ልዩነቱን ያሳያል እንጂ አይመልሰውም። ፍለክስ የገባበት ቢሮ ጠዋት ላይ ይህ ንግግር አይቀርም፦

«አንተ፣ ማታ ሚሞሪውን ከፍ አድርጌው ነበር እኮ። ማን ነው የመለሰው?»

«ማንም አልነካውም። ፍለክስ ነው። ጊት ላይ አላስገባኸውማ!»

ይህ እንዳይሆን ሁለቱም ማቆሚያ አላቸው። ፍለክስ ላይ «ሰስፔንድ» ትላላችሁ፣ አርጎ ላይ አውቶ ሲንኩን ታጠፋላችሁ፣ አጣዳፊውን ችግር ትፈታላችሁ፣ ከዚያ ለውጡን ኮሚት አድርጋችሁ መልሳችሁ ታበራላችሁ። መልሶ ማብራቱ እንዳይረሳ ብቻ።

ዊቭወርክስ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ሲዘጋ ፍለክስ አለቀለት ያሉ ነበሩ። አላለቀም። ሁለቱም ፕሮጀክቶች በሲኤንሲኤፍ (ክፍት የክላውድ ፕሮጀክቶችን በሚያስተናግድ ድርጅት) ሥር ናቸው፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ «ግራጁዌትድ» የሚባለውን ከፍተኛ ደረጃ ደርሰዋል። በዚህ በኩል አታበላልጧቸው።

የኔ ምርጫ? ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ከሆነና ሁላችሁም ተርሚናል የማትፈሩ ከሆነ ፍለክስ። ሥራውን ለሌላ ሰው ማሳየት ካለባችሁ፣ ወይም ቡድኑ ውስጥ አዲስ ተመራቂ ካለ አርጎ። ኦፕንሺፍት ያለው መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ጥያቄው ራሱ የለም፤ ኦፕንሺፍት ጊትኦፕስ የሚባለው ውስጡ አርጎ ሲዲ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ የሚያጋጥሟችሁ

«ሌተስት» የሚለውን የኢሜጅ ታግ (የቨርዥን ምልክት) ከፋይሎቻችሁ አውጡ። ኢሜጁ ሲቀየር ፋይሉ ስለማይቀየር ጊት ምንም አያውቅም፣ «ጊት ሪቨርት» (ለውጡን መልስ) ብትሉም የሚመለስ የለም። ለኛ ሌላ ችግርም አለው። ታጉ «ሌተስት» ሲሆን ኩበርኔቲስ ካልተነገረው በቀር ኮንቴይነሩ በተነሳ ቁጥር ሬጂስትሪውን (የኢሜጆች ማከማቻውን) ይጠይቃል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኢንተርኔቱ አብሮ ካልመጣ፣ ኢሜጁ ዲስኩ ላይ ተቀምጦ እያለ ፖዱ «ኢሜጅ ፑል ባክኦፍ» ብሎ ይቆማል። ክሊኒኩ ካርድ ማውጣት አይችልም፣ ስልካችሁ ይጮሃል። ቁርጥ ያለ የቨርዥን ቁጥር ስትጽፉ ነባሪው አሠራር ዲስኩ ላይ ያለውን መጠቀም ነው። ነገር ግን የቆየ ዲፕሎይመንት ላይ ታጉን ብቻ መቀየር አይበቃም። «ኢሜጅ ፑል ፖሊሲ» የሚለው መጀመሪያ ሲፈጠር «ኦልዌይስ» ተብሎ ስለተመዘገበ እሱንም «ኢፍ ኖት ፕረዘንት» ብላችሁ ፋይሉ ላይ ጻፉት።

ቀጥሎ የሬፕሊካ ቁጥር፣ ማለትም የአንድ አፕሊኬሽን ቅጂዎች ብዛት። ፋይሉ 2 ይላል። የቡና ሰሞን ጭነቱ ሲበዛ አውቶስኬለሩ (እንደ ጭነቱ ቅጂ የሚጨምረውና የሚቀንሰው) ወደ 5 ያሳድገዋል። ከጊት የሚጎትተው ፕሮግራም አይቶ ወደ 2 ይመልሰዋል። አውቶስኬለሩ እንደገና ያሳድጋል። ሁለቱ እንዲህ ሲጎታተቱ ይውላሉ። አውቶስኬለር ካላችሁ የሬፕሊካውን መስመር ከፋይሉ አጥፉት።

በጣም የምፈራው ግን «ፕሩን»ን ነው። ከጊት የጠፋው ፋይል ከክላስተሩም እንዲጠፋ የሚያደርግ አሠራር ነው። አርጎ ላይ እስክታበሩት ድረስ ጠፍቶ ነው የሚቆየው። ፍለክስ ላይ ደግሞ ቡትስትራፕ (የመጀመሪያውን ተከላ) ስታደርጉ በርቶ ይመጣል። አንድ ሰው ፎልደር ሲያስተካክል የዳታቤዙን የቮልዩም (የዲስክ ቦታ) መጠየቂያ ፋይል ቢያጠፋ መጠየቂያው ከክላስተሩ ይጠፋል። ኬ3ኤስ ይዞት የሚመጣው ሎካል ፓዝ ስቶሬጅ ደግሞ መጠየቂያው ሲጠፋ ዳታውንም ይሰርዘዋል። የክሊኒኩ መዝገብ ሄደ ማለት ነው። ጊት ሪቨርት ፋይሉን ይመልሳል፣ ዳታውን አይመልስም። ሁለቱም መሣሪያዎች «ይህን አትሰርዝ» የሚል አኖቴሽን (ፋይሉ ላይ የሚጻፍ ምልክት) ይቀበላሉ። ዳታ በሚነካ ነገር ሁሉ ላይ ዛሬውኑ ለጥፉት። ፖስትግሬሱን (ዳታቤዙን) ደግሞ ለብቻው በየቀኑ ገልብጡት፤ ጊት የዳታ ባክአፕ አይደለም።

ምስጢሮች

የይለፍ ቃል በሚይዘው የኩበርኔቲስ ሲክሬት ፋይል ላይ የሚታየው ዝብርቅርቅ ጽሑፍ ቤዝ64 ነው። የተቆለፈ ነገር አይደለም፣ ማንም በአንድ ትእዛዝ ይፈታዋል። ስለዚህ እንዳለ ጊት ውስጥ አይገባም። በስህተት ከገባ ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም፣ ታሪኩ ውስጥ ይኖራልና። የይለፍ ቃሉን ራሱን ቀይሩ።

ሁለት ነፃ መፍትሔዎች አሉ። ሲልድ ሲክሬትስ በክላስተሩ ቁልፍ ይቆልፋል፣ የሚፈታውም ያ ክላስተር ብቻ ነው። ቀላል ነው። ግን ሰርቨሩ ከተቃጠለና የቁልፉ ኮፒ ከሌላችሁ ጊት ውስጥ ያሉት የታሸጉ ፋይሎች ሁሉ ወረቀት ናቸው። ቁልፉ በነባሪው በየ30 ቀኑ አዲስ ስለሚጨመርበት አንድ ጊዜ ገልብጦ መተኛትም አይቻልም። ሁለተኛው ሶፕስ የሚባለው ፋይል ቆላፊ ነው፤ ከኤጅ (የማመስጠሪያ መሣሪያ) ጋር ሲሆን ቁልፉ በእናንተ እጅ ነው። ዋጋውን ብቻ ስለሚቆልፍ የትኛው መስመር እንደተቀየረ ዲፍ ላይ ይታያል። የኤጅ ቁልፍ አንድ መስመር ጽሑፍ ናት፤ በወረቀት አትማችሁ ካዝና ውስጥ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ፍለክስ ሶፕስን ያለ ተጨማሪ ነገር ይፈታል፣ አርጎ ፕለጊን ይፈልጋል። መብራት ሁሌ ለሚፈትነው ሰርቨር ሶፕስን እመርጣለሁ።

ጊቱ የት ይቀመጥ?

ጊትሃብ ወይም ጊትላብ ላይ ብቻ ካደረጋችሁ ኔትወርክ በጠፋ ቀን ጉተታውም ይቆማል። ሰርቨራችሁ ቢሮ ውስጥ ከሆነ ጊቲ ወይም ፎርጄዮ የሚባሉት ቀላል የጊት ሰርቨሮች አሉ፤ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ይሠራሉ። ዋናውን እዚያ አድርጉ፣ ኔትወርክ ሲኖር ወደ ውጭ ሚረር (ቅጂ) እንዲያደርግ እዘዙት። አርጎ ሪፖውን በነባሪው በየ3 ደቂቃው ገደማ ነው የሚያየው፤ ጊቱ ቢሮ ውስጥ ሲሆን ግን ዌብሁክ (ለውጥ ሲገባ ጊት ሰርቨሩ የሚልከው ጥሪ) ስለሚደርስለት ወዲያው ይነቃል። ብቻ የጊት ሰርቨሩን ራሱ በሚያስተዳድረው ክላስተር ላይ አትጫኑት። ክላስተሩ ሲወድቅ ማንሻው ፋይል አብሮት ይወድቃል።

ኮሚት መልእክት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በእንግሊዝኛ ቀላቅላችሁ ብትጽፉም ግድ የለም። ጅማ ነው። «አፕዴት» ብቻ ብሎ የሚጽፈውን ግን አትለፉት። ምን እንደተቀየረ ዲፉ ይናገራል፣ ለምን እንደሆነ የሚያውቀው የቀየረው ሰው ብቻ ነው። «የክሊኒኩ ሪፖርት ሲወጣ ፖዱ ስለሚሞት ሚሞሪ ወደ 512» ያለ መልእክት ከስድስት ወር በኋላ ትጠቀሙበታላችሁ።

ሁሉንም ከጨረሳችሁ በኋላ አንድ ሙከራ አድርጉ። ሥራ በሌለበት ቅዳሜ ከሰዓት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ኬ3ኤስ ጫኑ። የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀሉና ቢሮ ካለው ጊት ብቻ ሲስተሙን ለማስነሳት ሞክሩ። መጀመሪያ የምትፈልጉት የኤጅ ቁልፉን ነው። ቀጥሎ ኢሜጆቹ የሉም ይላችኋል። ያኔ የቢሮ ውስጥ ሬጂስትሪ ያስፈልጋል፣ ወይም ኬ3ኤስ ሲነሳ ኢሜጆችን ከሚያነብበት ፎልደር ውስጥ ቀድማችሁ ማስቀመጥ አለባችሁ። ከዚያ የዳታቤዙ ባክአፕ ይመጣል። የጎደለውን ሁሉ እዚያው ሪፖው ውስጥ ባለው ሪድሚ ላይ ጻፉት።